በአመዱ ላይ የደፋሁት ላምባ

ልጅ ሳለሁ የሙሽራ ነገር ሲነሳ እፈራ ነበር። እኩዮቼ ሙሽራ ሲባል ከበሮው፣ ጭፈራውና አዲሱ ልብስ ነው የሚታያቸው፤ ለእኔ ግን የሚታየኝ የተዘጋ በር ነበር። ያንን በር በልቤ የተከሉት የአባቴ አክስት እማሆይ ናቸው። ክፉ አስበው አይደለም።

ቤታችን ቁሐር ሚካኤል፣ ከሜዳው መሀል ነበር። ክረምት ሲገባ ውኃው የሩዙን ማሳ ሁሉ ይሸፍነውና እያንዳንዱ ቤት እንደ ደሴት ለብቻው ይቀራል። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው በግቢያችን ጥግ በአንዲት ትንሽ ጎጆ ይኖሩ ነበር። ከብቶቹ ገብተው ከታሰሩ በኋላ እኔና ታላቅ እህቴ ይታይሽ ወደ እርሳቸው እንሄዳለን። ለትንኙ ብለው ኩበት ያጨሳሉ፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ፍሙ ከአመዱ ሥር ቀላ ይላል፤ ኩራዟ ከግድግዳው ላይ ትንቦገቦጋለች። እርሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ፣ የእንዝርቱ ጥላ በግድግዳው ላይ ይዞራል፤ ያኔ እኔ ከይታይሽ ጉያ ገብቼ፣ ከነጠላዋ ሥር በአንድ ዓይኔ ብቻ እያየሁ ነበር የምሰማቸው።

ብዙ ያውቁ ነበር፤ የሚወዱት ግን የአሥሩን ደናግል ነው። «ነፍሳችን ሙሽራ ናት፤ ሙሽራው ደግሞ ጌታ ነው» ይሉናል። «መቼ እንደሚመጣ አይናገርም። አምስቱ ብልሆች ዘይታቸውን ይዘው ጠበቁት፣ አምስቱ ሰነፎች ግን ባዶ መብራት ታቅፈው ተኙ።»

«የወጥ ዘይት ነው?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ያኔ ላምባ የት አለና! ዘይት ነበር የሚያበሩት። አንቺ ላምባ በይው።»

«እሷማ ከሰነፎቹ ናት፣ እማሆይ» አለች ይታይሽ እየሳቀች፤ «ራት ሳይቀርብ ነው የምትተኛው። ቀስቅሼ ማጉረስ የኔ ሥራ ነው።»

እማሆይ አልሳቁም። እዚህ ቦታ ላይ ሲደርሱ እንዝርቱን ሁልጊዜ ያቆሙታል። «መጣ። ላምባ ያላቸውን ይዞ ገባ። በሩ ተዘጋ። የሌላቸው መጥተው አንኳኩ፣ አለቀሱ። አላውቃችሁም አላቸው።»

«የገቡት ግን ይመለሳሉ?» አልሁ።

«ከዚያ ቤት ማን ይመለሳል፣ አንቺ ልጅ!»

ይህችን መልስ ያዝኋት። በዚያው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ በወባ ስትሞት እማሆይ እናቷን ሲያጽናኑ «ሙሽራው ነው የወሰዳት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ ሙሽራው ማለት ለእኔ መብራት አይቶ የሚመጣና የሚወስድ፣ የወሰደውንም የማይመልስ ሆነ። አንድም ቀን እንደ ደግ ሰው ታይቶኝ አያውቅም።

በመስከረም፣ ውኃው ገና ሳይጎድል፣ ይታይሽ ታመመች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ሰባት። በመጀመሪያው ቀን ብርድ ብርድ አላት፣ በሁለተኛው ተነስታ ላሞቹን ሁሉ አለበች፣ በአራተኛው ቀን ግን እኔን በስሜ መጥራት አቃታት። አባዬ ወደ ወረታ ሐኪም ቤት የሚያደርሷትን ሰዎች ሊጠራ በውኃው ውስጥ ሄደ። ቀኑ ወደ ማታ ሲያዘነብል እማሆይ ገቡና ግንባሯን በመዳፋቸው ነክተው ለእናቴ «ኩራዙንም ፋኖሱንም ላምባ ሙዪ፤ ዛሬስ መብራት አይጥፋ» አሏት። ለመንገዱ ማለታቸው ነበር። እኔ ግን በሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ ስሰማ ሌላ ነገር ነው የገባኝ። ሊመጣ ነው ማለት ነው አልሁ። መብራቷን አዘጋጅተው ሊሰጧት ነው።

ላምባ የሌላትን አይወስዳትም። ውጭ ትቀራለች። ውጭ ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ ማለት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ይህን ሲያገኝ እንዴት ደስ እንደሚለው!

እናቴ ፋኖሱንና ኩራዙን ሞልታ ወደ በሽተኛዋ ስትመለስ ሁለቱንም ወስጄ እማሆይ ጎጆ ውስጥ በኩበቱ አመድ ላይ ደፋኋቸው። እሳቱ ጠዋት የጠፋ ነበር። የእማሆይን ኩራዝና ከቤታችን ምሰሶ ላይ የሚንጠለጠለውን የላምባ ጠርሙስም ጨመርሁ። ግቢያችን ውስጥ ከዚያች ጠርሙስ ሌላ ላምባ አልነበረም። ከዚያ ፋኖሱንና ኩራዙን ወደ ቦታቸው መለስሁና ከይታይሽ እግር ሥር ተቀመጥሁ።

ሰዎቹ አራት ሆነው ቃሬዛ ይዘው ሲደርሱ ፀሐይዋ ገብታ ነበር። አባዬ ፋኖሱን አንስቶ ነቀነቀው።

«ደረቅ ነው!»

«አሁን ነው እኮ የሞላሁት!» አለች እናቴ፤ «አሁን፣ በዚህ በእጄ!»

የባትሪ መብራት የያዘው ሰውዬ ድንጋዩ አልቆበት ነበር። የእማሆይን ጧፍ ቢለኩሱትም ነፋሱ ከበሩ ሳይወጣ አጠፋው። «ያለ መብራትማ መንገዱና ቦዩ በምን ይለያል? ልጅቱን ይዘን እንስጠም?» አለ አንዱ። አባዬ መልስ ሳይሰጥ ላምባ ሊለምን ወደሚቀርበው ጎረቤት እስከ ወገቡ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ሄደ።

እውነቱን ልናገር፤ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ተሳካልኝ ብዬ ነበር። ቤቱ ጨለመ፣ ሰዎቹ በር ላይ ቆመው እግራቸውን ያራግፋሉ፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ እኔ የእህቴን እግር በሁለት እጄ ይዤ ተቀምጫለሁ። እግሯ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ድንገት ይታይሽ ነቃችና «ጨለመብኝ። አንቺ፣ ኩራዙን አብሪልኝ» አለችኝ። አራት ቀን ሙሉ እንዲህ ጥርት አድርጋ አልተናገረችም። «የለም» አልኋት። ከዚያ በኋላ አልተናገረችኝም።

አባዬ ሲመለስ ድፍን ጨለማ ሆኗል። ይዘዋት ወጡ። ፋኖሷ በውኃው ላይ እየራቀች፣ እያነሰች ስትሄድ ከበሩ ላይ ሆኜ አየኋት። ወደ ወረታ ከሚወስደው አስፋልት ሳይደርሱ፣ ይታይሽ ቃሬዛው ላይ እንዳለች አለፈች።

በልቅሶው ሴቶቹ ነጩን ቀሚሷን በእጃቸው ይዘው፣ ሳያገቡ ለሚሞቱ ልጃገረዶች እንደሚደረገው፣ «ሙሽራዬ፣ ሙሽራዬ» እያሉ አለቀሱላት። አንዲት ሴት ደግሞ ከጎኔ ለጎረቤቷ «ትንሽ ቀደም ብለው ቢነሱ ኖሮ» ስትል ሰማሁ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ቃሏ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ ያድራል።

በሠልስቱ ማግስት እማሆይ ወደ ጎጇቸው ጠሩኝ። እሳት አልነበረም። አመዱ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር።

«አንቺ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ለምን?»

«እንዳይወስዳት።»

እመታለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምነው በመቱኝ። እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ በልቤ ይዤው የቆየሁትን ጠየቅኋቸው፤ «አሁን ይታይሽ ውጭ ቀረች? አላውቅሽም አላት?»

ያኔ እኒያ ሴትዮ አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር። «የኔ ጥፋት ነው» አሉኝ፤ «በሩን ነገርሁሽ፣ ሙሽራውን ሳልነግርሽ። እኔ ራሴ መቼ አወቅሁት? ይህን ሁሉ ዘመን እንደ ሙሽራ ሳይሆን እንደ ዳኛ ስጠብቀው ነው የኖርሁት።» ከዚያ ራሴን ወደ ደረታቸው አስጠግተው «ለማንም አትንገሪ» አሉ። ለጥያቄዬ ግን መልስ አልሰጡኝም። እርሳቸውም ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ። ያንን ታሪክም እስኪሞቱ ድረስ ዳግመኛ አልተረኩልኝም፤ ማታ ስሄድ ፍሙ አጠገብ እንቀመጥና እንዝርቱን ብቻ እናይ ነበር።

አሁን ወረታ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል፣ ቤታችንም መብራት አለው። እንደዚያም ሆኖ አልጋዬ ሥር አንድ ጠርሙስ ላምባ አይጠፋም። «ማደያ ልትከፍቺ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። እስቃለሁ። ልጃችን አምስት ዓመቷ ነው። ትንሽ ሲያተኩሳት እግሯን ይዤ ሙቀቱን እለካለሁ፣ በስሜ ጥሪኝ እያልሁ አስጨንቃታለሁ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የአሥሩን ደናግል ተምራ መጣች። እኔ ነግሬያት አላውቅም። ጫማዋን ሳወልቅላት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችልኝ፤ በሩ ሲዘጋ እንኳ ድምፁን በእጇ አጨብጭባ አሰማችኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፦

«እማ፣ ሙሽራው ራሱ መብራት የለውም?» አለችኝ።

እማሆይ ቢሰሟት ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። ጫማዋን ይዤ ቀረሁ። ይታይሽ በጨለማው ውስጥ ስትጠራኝ ታየችኝ፤ ውኃው፣ እየራቀች የምትሄደው ፋኖስ፣ ከዚያም ማዶ፣ እኔ ያላየሁት፣ መብራቱን ይዞ ሊቀበላት የወጣ አንድ ሰው።

«አለው» አልኋት።

ከዚያ ተነስቼ ሄድሁና ከአልጋው ሥር ጠርሙሱን አየሁ። ሙሉ ነበር።