ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቫርኒሽ

የያዙኝ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ካለው ሱቄ ነው። እዚያው ካርቱም ሪያድ ሰፈር ለሚኖር ደንበኛ የቁም ሣጥን መዝጊያ እየላግሁ ነበር። ሦስት የጸጥታ ሰዎች ገቡ። አንደኛው ጥግ ላይ የተከመረውን ቀጫጭን ጣውላ በእግሩ ገፋ አደረገና፣ «የሰልፈኞቹን መፈክር መያዣ የሠራኸው አንተ ነህ?» አለኝ።

እኔ ነበርኩ። የሰፈሩ ተማሪዎች ሲለምኑኝ በነፃ ሠራሁላቸው። መላጊያዬን አስቀመጥኩ።

«ያላ! ተነሣ!» አለ። ሄድን።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል ለአራት ሰው ይበቃል፤ አሥራ አምስት ሆነንበታል። በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲገፈትሩኝ እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ። አንድ ፀጉራቸው የነጣ ሱዳናዊ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው፣ «ተፈደል፣ ሀበሺ» አሉኝ፤ ግባ፣ አረፍ በል እንደማለት። አስተማሪ ናቸው። በሥራ ማቆም አድማ ላይ ተናግረው ነው የታሰሩት። ሁሉም «ኡስታዝ» ይላቸዋል። የተቀመጥኩበት ቦታ እግራቸውን የሚዘረጉበት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ሲላቸው።

በዘጠነኛው ቀን የእስር ቤቱ መኮንን አስጠራኝ። «ጀናቡ» እያልን ነበር የምንጠራው። የሚጽፍበትን ጠረጴዛ አሳየኝ። ጥሩ የማሆጋኒ እንጨት ነው፤ ላዩ ግን የሻይ ብርጭቆ በተወው ነጭ ክብ ክብ ተበላሽቷል።

«አናጢ ነህ አሉኝ። ይህን አድስልኝ። ሲያልቅ ትወጣለህ።»

ሁለት መንገድ ነበረኝ። ጀማላካ የሚሉት በስፒሪቶ የሚሟሟ ሙጫ አለ፤ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል፣ ያምራል፣ በማግስቱ ሥራው ያልቃል። ግን ትኩስ ነገር ሲያርፍበት እንደገና ይነጣል። ሌላው የዘይት ቫርኒሽ ነው። ሙቀትም ውሃም ይችላል። ነገር ግን አንድ እጅ ከተቀባ በኋላ አንድ ቀን ይጠበቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፣ እንደገና ይቀባል። አራት እጅ ይፈልጋል። አሮጌውን መፋቅ ሲጨመርበት ሳምንት ነው።

ሚስቴ እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። የት እንደገባሁ አታውቅም። እሷን አሰብኩ። ከዚያ የኡስታዝን እግር አሰብኩ።

«ሻይ የሚቀመጥበት ከሆነ ቫርኒሽ ነው፣ ጀናቡ» አልኩ። «ሳምንት ይፈጃል። የሚያሽልኝ ሰውም እፈልጋለሁ።»

«ማንን?»

«ኡስታዝን።»

«እሱ ደግሞ ምን ያውቃል?»

«አስተምራቸዋለሁ።»

በረንዳ ላይ አወጡን፤ አንድ ወታደር ይጠብቀናል። ኡስታዝ እግራቸውን ዘርግተው ያሻሉ፤ ሲደክማቸው ተነሥተው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይመላለሳሉ። በሁለተኛው ቀን እጃቸውን አቆሙ።

«ወታደሩ በጀማላካ ቢሆን ዛሬ ያልቅ ነበር ይላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሃል?»

«ሻዩ ያበላሸዋል።»

«ሻዩ ብቻ?»

ብሩሼን ነከርኩ። «እግርዎ እንዴት ዋለ?» አልኳቸው።

ፊታቸውን አዞሩ። ማሸታቸውን ቀጠሉ።

ሦስተኛው እጅ ሳይደርቅ አቧራ ተነሥቶ ላዩ ላይ ተለጠፈ። ወታደሩ ተሳደበ። ኡስታዝ ግን «አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ቀን ተጨመረልን» ብለው ሳቁ። ከታሰርኩ ወዲህ እኔም የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ኡስታዝ ጫማቸውን አጥልቀው ነበር። መኮንኑ የሚያቃጥል ሻይ አስቀመጠ፤ ቆይቶ አነሣው። ምንም የለም። በእጁ ዳሰሰውና አንድ ወረቀት አቀረበልኝ።

«ፈርምና ሂድ።»

ዓረብኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም። «ኡስታዝ ያንብቡልኝ» አልኩ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አልከለከለም።

ኡስታዝ ቀስ ብለው አነበቡ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። «የመፈክሩን መያዣ እንድሠራ ሦስት ተማሪዎች አዘውኛል ይላል። ስማቸውም አለ። ብለሃል?»

«አላልኩም።»

«ፈርም ብዬሃለሁ» አለ መኮንኑ።

«ያላልኩት ላይ አልፈርምም፣ ጀናቡ። ወደ ክፍሌ ይመልሱኝ።»

ጠረጴዛውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ የተማሪዎቹ ስም ያለበትን መስመር ሰረዘው። ኡስታዝ እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበቡልኝ፤ ፈረምኩ። ስወጣ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው ሸኙኝ።

እሳቸውም ከሁለት ወር በኋላ ተፈቱ። በኋላ ጦርነቱ በተነን። እኔና ሚስቴ ገዳሪፍ ነን፤ እሳቸው ፖርት ሱዳን ልጃቸው ጋ። በየዒዱ እደውላለሁ። ዘንድሮ ስደውል፣ «የእነዚያን ተማሪዎች ወሬ ትሰማለህ?» አሉኝ።

እሰማለሁ። አንዱ አግብቷል፣ አንዱ ካይሮ ይማራል፣ ሦስተኛው እዚሁ ገዳሪፍ ነው፤ ባለፈው ወር አልጋ አሠርቶኛል። ስለዚያ ወረቀት አንዳቸውም አያውቁም። ልጁ አልጋውን ጋሪ ላይ ጭኖ ሲሄድ በር ላይ ቆሜ አየሁት፤ ተመስገን አልኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።