ጠጋኙ ወንድሜና ደህና ነው ባዮቹ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ነው፤ አሁንም ረጅም ቃል ሲመጣብኝ ጣቴን እያስቀደምኩ ነው የማነበው። የተማረው ሰው ሞልቶ እያለ እኔ ብዕር ማንሳቴ ድፍረት ነው። ግን የወንድሜን ነገር ሌላ ሰው አይጽፈውም፤ እሱ ራሱ «የኔ ደግሞ ምኑ ይጻፋል?» ባይ ነው። እንግዲህ እንደመጣልኝ ልናገር።

ታናሼ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ዳዴ ይል ነበር፤ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የተበላሸ ነገር ካየ አያስችለውም። ሬድዮ ይፈታል፣ የግድግዳ ሰዓት ይፈታል፤ መልሶ መግጠሙን የተማረው ኋላ ነው። በመጨረሻ እኔ በጽዳት በምሠራበት የመድን መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ተቀጠረ። አሥራ አንድ ዓመት ሠራ። ሰው ሁሉ ስሙን ትቶ «ጠጋኙ» ይለዋል።

ጠዋት ሲገባ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም። ከምድር ቤት ተነስቶ እስከ አራተኛ ፎቅ በየጠረጴዛው እየዞረ ሰላም ይላል። አብረውት የሚሠሩት አራቱ «ከንቲባው ጉብኝት ወጡ!» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም ይስቃል፣ መዞሩንም አይተውም።

አምና አለቃችን አምስቱንም ሰብስቦ፣ ከእንግዲህ የኮምፒውተሩን ሥራ ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት በስልክና በኢንተርኔት ይሠራዋል አላቸው። እዚያ ሠራተኛ ርካሽ ነው አሉ። የእኛዎቹ የሚያውቁትን ሁሉ ለማዶዎቹ አስተምረው ይሰናበቱ ተባለ። ጉድጓድህን ራስህ ቆፍር ማለት አይደል? አራቱ በየተራ ሄዱ። ወንድሜ ለማስተማር መጨረሻ ቀረ፤ ማሽን እንዳይነካ፣ በየፎቁም እንዳይዞር ግን ተከለከለ። ማሽን የተበላሸበት ሰው ከማዶ በስልክ ለምትከታተል አንዲት ልጅ ይንገር ተባለ። የእሱ ሥራ እጁን ኪሱ ከቶ መዋል ሆነ። ሌላ ቦታ ቢያመለክት «እኛም ሥራውን ወደ ማዶ ልንልከው ነው» ብለው መለሱት።

«እታለም፣ እኔ ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ?» አለኝ አንድ ቀን ደረጃው ላይ። መወልወያዬን ባልዲው ውስጥ ነክሬ ጨመቅሁ።

በዚህ መሀል ነገሩ ግራ ሆነ። ከማዶ የሚላከው ወረቀት በየሳምንቱ «ሁሉም ማሽን ደህና ነው» ይላል፤ የደንበኛው ሰልፍ ግን በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ደርሷል። ምን መሰላችሁ፣ የማዶዋ ልጅ ሥራዋን ታውቃለች፣ ትሑትም ናት። በየጠረጴዛው እየደወለች በውጭ ቋንቋ «ማሽንዎ እንዴት ነው?» ትላለች። የእኛን ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጣራው እያፈሰሰበትም «ደህና፣ ተመስገን» ነው የሚለው። ቋንቋውም ያሳፍረዋል። «ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይዘጋባታል። እሷም ደህና ነው ብላ ትጽፋለች። ምን ታድርግ?

ወንድሜ ሊሰናበት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት፣ አንድ ደንበኛ ጮኸና አለቃችን ከላይ ወረደ። እኔ መስኮት እወለውል ነበር። በቀጥታ ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ሄደ። ጡረታቸው የደረሰ፣ ሰው ማስቸገር የማይወዱ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ማሽንዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ጌታዬ፣ ተመስገን።»

ፊታቸው ያለው ማሽን ድርግም ብሏል። አለቃችን ማሽኑን አየ፣ እሳቸውን አየ። ወንድሜ ከኋላ ቀረብ አለ።

«እትዬ እንዴት አደሩ?»

«ደህና። አንተስ?»

«ወገብዎስ?»

«ደህና ነው።»

«ይሄ ጓደኛዎስ?» አለ ማሽኑን መታ መታ እያደረገ።

«እሱማ ልጄ… ከሰኞ ጀምሮ አልበራም። ያቺ ልጅ ስትደውል ድምፅዋ ድክም ያለ ነው። ምን አስጨንቃታለሁ ብዬ…»

«እኛንስ?» አለ ከሰልፉ አንዱ። ሁሉም ሳቀ።

«ከሰኞ?» አለ አለቃችን። «ወረቀቱ እኮ ደህና ነው ይላል!»

«ወረቀቱ የጠየቃቸው አንድ ጊዜ ነው» አለ ወንድሜ መሬት መሬት እያየ። «እኔ ሦስት ጊዜ ነው የምጠይቃቸው።»

አለቃችን ይዞት ወጣና ለማዶዋ ልጅ ደወሉ። ያለችውን ኋላ ወንድሜ ነገረኝ። በሳቅ ፈረሰች። «የእኔም አባት እንዲሁ ነው» አለች፤ «ጥርሱን እያመመው ለሐኪሙ ደህና ነኝ ብሎ መጣ።» ቀጥላም አለቃችንን፣ «ማሽኑን እዚህ ሆነን እናድነዋለን። የታመመውን የሚነግረን ከሌለ ግን ምን እናውቃለን? ይህን ሰው አትልቀቁት» አለችው። እኔ እኮ ጉሮሮውን ልትዘጋ የመጣች መስላኝ ስረግማት ነበር። ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ይዞ ደረጃው ላይ መጣ። ሥራው ጠዋት ጠዋት እየዞረ መጠየቅና የሰማውን ለልጅቷ መጻፍ ሆነ። እጅ የሚፈልገውንም እሱ ይጠግናል።

«እታለም፣ አልሄድም» አለኝ።

አሁን በወለወልኩት እርጥብ ደረጃ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ቀሚሴ ራሰ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ፣ ሱሪው ራሰ። እፎይ ማለት እንዲያ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። አራቱ ግን አልተመለሱም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ በአንድ አውቶቡስ ወጣን። ሁለት ፌርማታ ሲቀረን እሱ ወረደ። ከአራቱ አንዱ፣ ረጅሙ የምንለው፣ እዚያ ጥግ ላይ ስልክ መጠገን ጀምሯል። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ረስቶት የሄደውን የመፍቻ ሳጥን ወንድሜ ማታ ቤት አምጥቶት ነበር፤ ሊሰጠው በብብቱ ይዞለት ሄደ። እኔ ቀድሜው ገብቼ ምድር ቤቱን ወለወልኩ።