አቀንጭራ እስከ መከር አይጠብቅም

ባለፈው ሳምንት ከበደሳ ወደ ጭሮ ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ አንድ የማሽላ ማሳ አይታ፣ «ሐምራዊው አበባ ሲያምር!» አለች። አቀንጭራ ነው፤ የማሽላውን ሥር ከአፈር በታች የሚመጥ አረም። አበባው ሲታይ ማሽላው አልቆለታል።

አባቴ በሞተ ዓመት ወንድሙ የሆነው አጎቴ «መሬቱ የአባቴ ነው» ብሎ ማሳችንን ያዘብን፤ እናቴ የዘራችውን ማሽላ ከነቡቃያው። እናቴ የንስሐ አባታችንን ለሽምግልና ጠራች። ቄሱ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ጌታ እንኳ ስንዴውም እንክርዳዱም እስከ መከር አብረው ይደጉ ብሏል። እሱ ይለየዋል፤ አንቺ ተይው» አሏት።

እናቴ ያን ቀንም ማሽላውን ስታርም ውላ፣ መዳፏ ላይ የአረም ጭማቂ ደርቆ ነበር።

«አባ፣ የእንክርዳዱን እንጃ። እኛ ጋ ያለው አቀንጭራ ነው። እስከ መከር ከተዉት መከር የለም።»

ቄሱ ቀልድ መስሏቸው ሳቁና መስቀላቸውን ዘረጉላት። ተሳለመች።

እኔ ግን አምኛቸው ነበር። ኅዳር ላይ አጎቴ ማሽላችንን በአህያ ሲያስጭን መንገድ ዳር ቆሜ፣ አሁን ይለየዋል ብዬ ጠበቅሁ። አህዮቹ አለፉ።

እናቴን ስንቀብር ከፊት ቆሞ «እግዜር ያጽናህ» ሲባል የዋለው አጎቴ ነው። ቄሱም ከጎኑ ነበሩ።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ አበባውን ፎቶ አነሳች። ከመስኮቱ የሚታየው ያው ማሳችን ዛሬም የአጎቴ ነው፤ አቀንጭራውን የምትነቅልለት ግን የለችም።