የደም ለጋሾች ገጽ

አሮጌ ኮምፒውተር ሲግል የሚሸተው አቧራ እንጅባራ ይመልሰኛል። ዛሬም ቢሮ ውስጥ ሸተተኝና አስታወሰኝ።

የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመታችን ነበር። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ የቤተ ሙከራውን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። እኔና አንዲት የጫግኒ ልጅ ለመመረቂያችን ለከተማው ሆስፒታል የደም ለጋሾችን ድረ ገጽ እንሠራ ነበር፤ የደም ዓይነት ሲመረጥ ስምና ስልክ የሚያወጣ። እሷ የቆላ ልጅ ናት፤ ብርዱ ስለማይሆንላት ጋቢ ተከናንባ ነበር የምትጽፈው።

በእንግሊዝኛ ፊደል ስንሞክረው ሠርቷል። እውነተኛዎቹን ስሞች በአማርኛ ስናስገባ ግን ገጹ ባዶ ሆነ። ስሞቹ የተቀመጡበት ዳታቤዝ የተጠየቀውን ይመልሳል፤ መልሱን ገጹ ወደሚያነበው ጽሑፍ፣ ጄሰን ወደሚባለው፣ ስንቀይረው ግን ምንም አይወጣም። ስንት ቀን ፈጠጥንበት መሰለህ!

አንድ ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሉ ነርስ ደወለችልን።

«ልጆች፣ አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ነው። ኦ ኔጌቲቭ አጣን። ያ ነገራችሁ ይሠራል?»

«ገጹ አይሠራም፣ ሲስተር። ግን አንዴ ይጠብቁኝ» አለች ጓደኛዬ።

ዳታቤዙን በቀጥታ ጠየቀችው። የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጥሊሊ መምህር፣ የራሱም የአባቱም ስም ረጅም። ስልኩን ለነርሷ አነበበችላት። ከዚያ ስሙ ላይ ዓይኗ ቀረ።

«ስሙ ዳታቤዙ ውስጥ ሙሉ ነው፤ ገጹ ላይ እኛ ነን የምንቆርጠው» አለች።

እውነቷን ነበር። ረጅም ስም ከገጹ ሠንጠረዥ እንዳያልፍ በባይት፣ ኮምፒውተሩ ጽሑፍ በሚለካበት፣ ቆጥረን እንቆርጠው ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው፤ የእኛ ፊደል ሦስት። መቁረጫው ፊደሉን መሐል ለመሐል ይከፍለዋል። አንድ ፊደል ከተሰበረ ደግሞ ዝርዝሩ በሙሉ ወደ ጄሰን አይቀየርም። መቁረጡን ስንተወው ስሞቹ ግጥም ብለው ወጡ። ጮኸች፤ አንገቴን አቀፈችኝ፤ ከዚያ አፍራ ጋቢዋን አስተካከለች።

መምህሩም በሚኒባስ ደርሶ ደሙን ሰጥቶ ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ሄደን ወላዷን አየናት፤ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ግን ልጇን ታጠባለች። የሆነውን ማንም አልነገራት፤ እኛም አልነገርናት።

ተመርቀን መናኸሪያ ሸኘኋት። ልነግራት ያሰብኩት ነገር ነበር፤ ረዳቱ «ሞልቷል፣ ሂድ!» እያለ በሩን ዘጋው። እሷ መስኮቱን ከፈተች።

«ማንጎ ሲደርስ ጫግኒ ና፤ እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

ማንጎው ሳይደርስ እሷ ተዳረች።