ያልታመመችው ሞተሬ

ዛሬ ነገሌ ከብት ገበያው በር ላይ ሞተሬን ነዳጅ ሰጥቼ ሳስጮኻት አንድ ወይፈን ደንግጦ ገመዱን በጥሶ ነጎደ።

ትናንት ብየዳ ቤት ወስጄ ድምፅ የሚያፍነውን የማርሚታዋን፣ የጭስ ማውጫዋን፣ የውስጥ ዕቃ አስወጥቼላት ነበር። እንድታገሳ።

የወይፈኑ ባለቤት ከሊበን ገጠር ሊሸጡት የመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስሳቀቅ፣ ወይፈኑ እየራቀ፣ እሳቸው ሰላምታ ጀመሩ።

"አካም? ናጋ? ቤቱ ናጋ? ከብቱ ናጋ?"

ከብት የለኝም። ቢሆንም "ናጋ"፣ ሰላም ነው፣ አልኩ።

ከዚያ ሞተሬን አይተው "ልጄ፣ ይህቺ አሟታል እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ አባባ።" ውሸት እንዲህ እንደሚቀናኝ አላውቅም ነበር።

ወይፈኑን አብረን አሳድደን ግራር ሥር ያዝነው። ወደ ሞተሬ ስንመለስ እንዳይበረግግ ብዬ ሞተሩን ማስነሳት ፈራሁ። እሳቸው ደግሞ ጨርሶ ተበላሸ ብለው ገበያቸውን ተዉና፣ በአንድ እጃቸው ወይፈኑን እየሳቡ፣ በሌላው ሞተሬን ከኋላ እየገፉ ትናንት ያሠራሁበት ብየዳ ቤት አደረሱኝ።

"አይዞህ፣ ትድናለች" ይሉኛል በየመሀሉ።

በያጁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ጮኸ። "እሺ ወንድሜ! አገሳችልህ አይደል? ልክ እንዳልከኝ አድርጌ ነው የሠራኋት!"

አባባ ቆሙ። ማርሚታዋን አዩ፣ ወይፈኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ወድደህ ነው?"

"ወድጄ ነው፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ናጋ" ብለውኝ ሄዱ። ገበያው ግን ተበትኖ ነበር። ማታ ላይ ወይፈኑን እየነዱ ወደ ሊበን ሲመለሱ አየኋቸው፤ እኔ ማስነሳቱን አፍሬ ዝም ያለች ሞተሬን እየገፋሁ ነበር።

እናንተስ፣ ሰው ከልቡ አዝኖላችሁ መሬት ብትውጣችሁ የተመኛችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን መሆን ከብዶኛል።