ያልተሸኘው ጽዋ

በዚያ የሰኔ ሚካኤል ማህበር ቀን ቤታችን የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ እናቴ፤ የእናቴ ወንድም ጋሼ ተፈራ፤ የማህበሩ አባት አባ ወልደ ማርያም፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፤ እትዬ ለተብርሃንና ልጇ ሳባ፤ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው፤ እኔ። ስምንት ነን። ማህበርተኞቹ ሁሉ ቢመጡ ኖሮ ቤቱ አይበቃንም ነበር። የቀሩት ለምን እንደቀሩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሰሞኑን እነዚህን ሰዎች በልቤ ስቆጥር እውላለሁ። ያስቆጠረኝ ልጄ ነው። ባለፈው እሁድ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ቤታችን፣ ከጓደኛው ጋር ተቀምጦ ስልኩን እያየ ይስቃል። ጠጋ ብዬ ሰማሁ። የአንዱ አገር ሰው የሌላውን አገር ሰው እናቱን አንስቶ ይሰድባል፤ ያኛው ደግሞ ብሶ ይመልሳል። ባሕር ይላሉ፣ ድንበር ይላሉ።

«እማዬ፣ በሦስት ቀን ነው የምንጨርሳቸው» አለኝ።

«ማንን ነው የምትጨርሱት?»

«እነሱን ነዋ።»

«ስማቸው ማን ነው?»

ጓደኛው ሳቀ። «ማዘር ደግሞ፣ ነገር ማክበድ ትወዳለች!»

ስልኩን ከእጁ ነጥቄ ትራስ ስር ደበቅሁት። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ወንድሜ የዘመተው በዚህ ዕድሜ ነው። እነዚያን በስልክ የሚጮሁ ሰዎች እጠላቸዋለሁ። ከሁለቱም ወገን ያሉትን እጠላቸዋለሁ። ሲጮሁ አፋቸውን አያለሁ፤ ወደ ጦርነት የሚልኩት የራሳቸው ልጅ ግን አይታየኝም።

እኔ ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አያልፍም። መንግሥታት እንዴት እንደሚጣሉ አስረዳለሁ አልልም። የማውቀው በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ያየሁትን ነው።

ያኔ የምንኖረው ደብረ ሲና ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እናቴና እትዬ ለተብርሃን አብረው ቆሎ ይሠሩ ነበር። ገብሱ ከላይ ከጣርማ በር ይመጣል፤ ሽምብራውና ሱፉ ከቆላ ይወጣል። እናቴ ገብሱን በውሃ አርሳ ትሸከሽካለች፤ እትዬ ለተብርሃን ትቆላለች። እሷ የቆላችው ቆሎ አያርርም፣ ጥሬም አይሆንም፤ ጥርስ ላይ ይፈነዳል። እኔና ሳባ በትንንሽ ቅርጫት ይዘን አውቶቡስ ሲቆም እንሮጣለን። ከጣርማ በር ዋሻ በኩል የሚወርደው ጉም ፊታችንን እያረጠበው፣ አንገታችንን ወደ መስኮት ቀና አድርገን «የሞቀ ቆሎ! የሞቀ ቆሎ!» እንላለን። የአንዷ ቅርጫት ቀድሞ ካለቀ ከሌላይቱ ቅርጫት ተካፍለን እንሸጥ ነበር።

እትዬ ለተብርሃን የአስመራ ሰው ናት። ባሏ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ደብረ ሲና አምጥቶ ቤት አስያዛት፤ እሱ ሞተ፣ እሷ ቀረች። ሳባ የተወለደችው እዚያው ነው። ትግርኛዋ እናቷ ስትቆጣ ከምትናገረው አያልፍም ነበር።

ጋሼ ተፈራ በደርግ ጊዜ ሰሜን ተዋግቶ ትከሻው ውስጥ ፍንጣሪ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። እትዬ ለተብርሃንን ሲያገኛት ሁልጊዜ፣ «አንቺ ፓስታ በሊታ፣ ዛሬስ እንጀራ ለመድሽ?» ይላታል። እሷም፣ «ዝም በል አንተ ቆሎ ቆርጣሚ፣ ጥርስህ ሳያልቅ!» ትለዋለች። በፋሲካ ዕለት ይህንኑ ተባብለው እንባቸው እስኪወርድ ሲስቁ አይቻለሁ። እኛም ልጆቹ እንስቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ነገሩ ከሬዲዮ ጀመረ። ሁለቱ መንግሥታት፣ የእኛና የአስመራው፣ አብረው የታገሉ፣ ወንድማማች የሚባሉ ነበሩ። መጀመሪያ በገንዘብ ተኮራረፉ አሉ፤ ቀጥሎ በወደብ። ከዚያ ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ባድሜ የሚባል ቦታ መጣ። ይኼኛው «አይደፍረኝም» ይላል፤ ያኛው «አይችለኝም» ይላል። እንደ ሰፈር ጎረምሳ አንዱ ሌላው ቀድሞ ዓይኑን እንዲሰብር ይጠብቃል። ሁለቱም ሳይሰብሩ ቀሩ። በግንቦት በእኛ በኩል ትምህርት ቤት ላይ ቦምብ ወደቀ፤ ልጆች ሞቱ። ከዚያ ወታደር የጫኑ መኪኖች በጣርማ በር እየወረዱ፣ ገበያችንን ሰንጥቀው ወደ ደሴ ማለፍ ጀመሩ። ላያቸው ላይ ያሉት ልጆች ይዘፍናሉ። እኔና ሳባ ቆሎ በወረቀት እየጠቀለልን እንወረውርላቸዋለን። እትዬ ለተብርሃን የቆላችውን ቆሎ እየበሉ ነው ወደ ዘመዶቿ አገር የሄዱት።

ሰኔ ሚካኤል የጽዋው ተራ የእናቴ ነበር፤ ሐምሌ የእትዬ ለተብርሃን ነው። በእኛ ማህበር ወግ፣ ባለተራዋ አብልታ አጠጥታ ስታበቃ ጽዋውን በነጠላ ሸፍና ለተረካቢዋ ትሰጣለች። ተረካቢዋ ተንበርክካ ትቀበላለች። ከዚያ ማህበርተኛው ሁሉ ተነስቶ እየዘመረ እቤቷ ድረስ ይሸኛታል። ቂም ያለው እንኳ ቂሙን በር ላይ ትቶ ይሸኛል። ጽዋ ብቻውን አይሄድም።

በዚያ ቀን ብዙዎቹ ከአስመራ ሰው ጋር ላለመቀመጥ ቀርተዋል። የሐዋርያት ጾም ስለነበር የቀረበው ክክ ወጥና ጎመን ነው። አባ ከባረኩ በኋላ እትዬ ዘነበች ጥግ ያለውን ሬዲዮ፣ «እስቲ ጮክ አድርጊው» አለችኝ።

«ማህበር ላይ ሬዲዮ?» አሉ አባ።

«ልጆቻችን እየዘመቱ እኮ ነው አባ» አለች። ጮክ አደረግሁት። ሬዲዮው ስለ ሞቱት ልጆች አወራ።

ጋሼ ተፈራ ጠላውን አስቀመጠ። «አንቺ ፓስታ በሊታ፣ ሰዎችሽ ሕፃን ይፈጃሉ አሉ።»

የሚስቅ ሰው ጠፋ። ያቺው የፋሲካዋ ቃል ናት፤ ግን አፉ ውስጥ ሌላ ሆናለች።

«የማን ሰዎች?» አለች እትዬ ለተብርሃን።

«ያንቺ ናቸዋ።»

«የእኔ ሰውማ አንተ ነበርክ።»

«ታዲያ ሬዲዮው ሲናገር ምነው አንገትሽን ደፋሽ?» አለች እትዬ ዘነበች። «ደስ ብሎሽ ነው?»

«አንገቴን ብደፋ ደስታ፣ ቀና ብል ጥጋብ! ምን ልሁን?» እትዬ ለተብርሃን ጉርሻዋን ሰሃኑ ላይ መለሰች። «እዚያስ ልጅ አልሞተም? የእናንተ ቦምብ አበባ ነው? ቆሎ ቆርጣሚ ሁሉ!»

ጋሼ ተፈራ ከመቀመጫው ተነሳ። እናቴ እጁን ይዛ፣ «ተው ተፈራ፣ ተቀመጥ፤ እህቴ ናት፣ ተናዳ ነው» አለችው። ይኼኔ በሩን ተደግፎ የቆመው ወንድሜ፣ «እኔ ለማንኛውም ትናንት ተመዝግቤያለሁ» አለ።

እናቴ የጋሼ ተፈራን እጅ ለቀቀች። ወደ ጌታቸው አላየችም። ወደ እትዬ ለተብርሃን ዞራ፣ «ልጄን በላችሁት» አለች። አሁን «እህቴ ናት» ያለችው እናቴ ናት፤ ትንፋሽ ሳትወስድ «በላችሁት» አለች። ጦርነት ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ የማስበው ያቺን ትንፋሽ ነው።

እትዬ ዘነበች ጽዋው ለእትዬ ለተብርሃን እንዳይሰጥ ጠየቀች። አባ ወልደ ማርያም፣ «ጽዋው የመልአኩ ነው፤ የመንግሥት አይደለም። ተራ ተራ ነው» አሉ። እናቴ በነጠላ ሸፍና ሰጠቻት። እትዬ ለተብርሃን ተንበርክካ ተቀበለች፤ ተነሳች፤ እንድንነሳ ጠበቀች። ማንም አልተነሳም። አባ ራሳቸው ወደ በሩ አይተው፣ «ዝናቡ...» አሉ። ዝናቡ ካፊያ ነበር። ሕጉን ጠበቅን፤ ጽዋውን ሰጠናት፤ እግራችንን ግን ከለከልናት። ከሰኔ ሚካኤል እስከ ዛሬ ብቻውን ሲሄድ ያየሁት ጽዋ እሱ ብቻ ነው።

ሳባ እናቷን ተከትላ ስትወጣ በሩ ላይ ደረስኩባት። ጌታቸው ለማሳቅ ብሎ፣ «ሳቢ፣ ከአስመራ ምን ልላክልሽ?» አላት።

ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ሂድ! የአክስቴ ልጆች እዚያ አሉ፤ እነሱ ይቀበሉሃል» አለችው።

«ቆሎ ይዤላቸው እሄዳለሁ» ብሎ ሳቀ። እሱ እዚያው ረሳው። እኔ አልረሳሁትም።

በማግስቱ አውቶቡስ ሲቆም እሷ በወዲያ በኩል፣ እኔ በወዲህ በኩል ቆምን። በቀበሌ የሚሠራ አንድ ሰው ከቅርጫቴ ቆሎ እየዘገነ፣ «ያቺ ጓደኛሽ ዛሬ ምነው ለብቻዋ?» አለኝ። በንዴት ተቃጥያለሁ፤ ለወንድሜም ፈርቻለሁ።

«ወንድሜን የአክስቴ ልጆች ይገድሉታል አለች» አልኩት።

ሳባ «ይቀበሉሃል» ነው ያለችው። «ይገድሉታል»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሬዲዮ አላስጨመረኝም፤ መንግሥት አላዘዘኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሰውየው ቆሎውን ቆርጥሞ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ወደ አስመራ የሚባረሩትን የሚጭን መኪና መጣ። እትዬ ለተብርሃን አንድ ጥቅልል ልብስ ይዛ ወጣች። በሌላው እጇ በነጠላ የተሸፈነውን ጽዋ ይዛለች። እደጃችን ቆማ ለእናቴ አቀበለቻት። «ሐምሌን አድርሱልኝ» አለች። እናቴ ተቀበለች። ሳባ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። እኔና እሷ ስንት ዓመት ከመስኮት በታች ቆመን ወደ ላይ አይተናል። ያን ቀን እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች ነበርን። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ከብዙ ከተማ፣ ማንም ወሬ ሳያቀብል፣ ብዙ ሰው ተወስዷል ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ግን እኔ ተናግሬያለሁ።

ጌታቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰ። አንድ ጆሮው አይሰማም። ስለ ጦርነቱ አንድ ቀን ብቻ ገብስ ስንለቅም ነገረኝ። ምሽጎቹ በጣም የተቀራረቡበት ቦታ ነበር አለ። «ከማዶ በአማርኛ ይሰድቡን ነበር፤ እዚህ አገር አድገው የተባረሩ ናቸው» አለ። አንዷ «እናንተ ቆሎ ቆርጣሚዎች!» ትል ነበር አለኝ።

«ሴት ናት?»

«ሴት ናት። አንቺ እንደምታስቢው ግን ላይሆን ይችላል። እዚያ ብዙ ሴቶች ነበሩ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

ከገብሱ ጠጠር ለቅሞ ጣለ። «ተኮስን» አለ።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ሐምሌ ሚካኤልን በእትዬ ለተብርሃን ስም ታወጣ ነበር። ያደረግሁትን አልነገርኳትም። ዛሬ የማወጣው እኔ ነኝ። ልጄ ለምን በሰው ስም እንደምደግስ ሲጠይቀኝ «ውርስ ነው» እለው ነበር። ባለፈው እሁድ ስልኩን ትራስ ስር ከከተትኩ በኋላ ግን አጠገቡ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ የጨመርኳትንም ቃል አልደበቅሁም። ስጨርስ አልሳቀም። «አሁን የት ናት?» አለኝ። «አላውቅም፤ እጠይቃለሁ» አልኩት።

ስለዚህ የምታውቁ ካላችሁ እጠይቃችኋለሁ። ስሟ ሳባ ነው፤ እናቷ ለተብርሃን ትባላለች። ደብረ ሲና ተወልዳ ያደገች፣ ዛሬ የእኔ እኩያ የሆነች፣ ቀኝ ክንዷ ላይ የቆሎ ብረት ምጣድ ያቃጠላት ጠባሳ ያላት ናት። በሕይወት እንዳለችና የት እንዳለች የሰማችሁ ብትኖሩ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።