ያልተሳለው ስለት

ልጅ ሳለሁ አያ ደምለው በአንዲት ቃል ምክንያት ታሰሩ፤ ሳንጃዎቻቸውም ተወሰዱ። ቃሏን በቡሬ ዙሪያ የማያውቃት ሽማግሌ የለም። አሁንም በገበያ ቀን ስትነገር እሰማለሁ፤ ሰው ግን ለሳቅ ነው የሚያወራት። እኔ ለሳቅ አላወራትም።

አባቴ ሞቶ እናቴ ሌላ ባል ስታገባ ለአያ ደምለው ተሰጠሁ። «ተሰጠሁ» ነው ትክክለኛው ቃል። የእናቴ የሩቅ ዘመድ ነበሩ፤ ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ አንድ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። እንጨት እፈልጥ፣ ውኃ እቀዳ ነበር፤ ሲገኝ እበላ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ማታ ግን ሌላ ነበር። ያኔ ለኩራዝ የሚሆን ጋዝ ሲጠፋ በወይራ ፍም ብርሃን ብቻ ተቀምጠን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ አያ ደምለው ከማገሩ ላይ ስልቻቸውን አውርደው አንድ ሳንጃ ያወጡ ነበር። በአንድ ምሽት አንድ ብቻ። ሳንጃዎቹን የሰበሰቧቸው ከየሰዉ ቤት ነው። በጠላት ዘመን ከወራሪውም ከአርበኛውም እጅ የወደቀ ብረት በየመንደሩ ሌላ ሥራ ይዞ ነበር፤ አንዱ ድንች ይቆፍራል፣ አንዱ የበቅሎ ካስማ ሆኗል፣ አንዱ በር ይዘጋል። እሳቸው እያነከሱ ዞረው በዶሮና በገብስ ለወጧቸው። ጎረቤቱ «ደምለው ሊዘምት ነው፣ ጠመንጃው ብቻ ቀረው» እያለ ይስቅ ነበር።

«ሳንጃ የሚታወቀው ጠመንጃውን በያዘበት ነው» ይሉኛል። ጣቴን ይዘው ከእጀታው በላይ ያለውን ቀለበት ያስዳስሱኛል፤ የቀለበቱ ስፋት የጠመንጃውን አፈሙዝ ይናገራል። የውጅግራው፣ የድሮው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጀርባው ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ተቀርጾበታል፣ የእጀታው ጫፍ ነሐስ ነው። የጣሊያኑ አጭር ነው፤ እንደ ሰንጢ የሚታጠፍም አለው። ዓይኔን ጨፍኜ መለየት እስክችል ድረስ አልተዉኝም።

ዝገቱን በኑግ ዘይት አርሰው በቀንድ ስባሪ ይፍቁታል። አሸዋና አመድ አያስነኩም፤ ጽሑፉን ይበላዋል። ቆዳ እርጥበት ይስባልና አፎቱን ለብቻው ይሰቅሉታል። «ስለት በአፎቱ ያድራል እንጂ አይኖርም» ይላሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሳንጃ አይሳልም። ሞረድ የነካው ሳንጃ የሽንኩርት ቢላዋ ነው።

ተረቱ የሚቆየው መወልወሉ እስከሚያልቅ ነው። «ተረት ተረት» ሲሉኝ እንደ ሌላው ልጅ «የላም በረት» ብዬ ከመለስሁ ዝም ይላሉ። «የብረት» ማለት ነበረብኝ። ያኔ ይጀምራሉ። የታጣፊው ሳንጃ ተረት ስለ አንዲት ጠላ ሻጭ ነበር፤ ሰክሮ የተኛ የአንድ የጠላት ወታደር ሳንጃ ከጠመንጃው ነቅላ፣ ሲነቃ ፊቱ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትከትፍበት አገኛት። «ይህን ከየት አመጣሽው?» ቢላት፣ «አንድ እንግዳ ረስቶት ሄደ፣ ካገኘኸው ንገርልኝ» አለችው። አያ ደምለው እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳይስቁ ያዩኛል። እውነት ይሁን አይሁን ጠይቄ አላውቅም።

ተረት ያልነበረው አንድ ብቻ ነው። እሱም የውጅግራ ነው፤ ያገኙት ግን የእሳት መቆስቆሻ ሆኖ ነበር፤ እጀታው ተቃጥሏል፣ ጫፉ ጎብጧል፣ ከቀለበቱ በቀር ምልክት የለውም። «እሳት ያየ ሳንጃ ሞቷል» ብለው ለምድጃውና ለእኔ ተዉት።

አንድ በጋ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። የጦር መሣሪያ ሁሉ ይሰብሰብ ተብሏል አለ። ስልቻውን አስወርዶ እጁን ከተተ።

«አያ ደምለው፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ስለት ነው» አሉ።

ሊቀመንበሩ ፍም እንደ ነካው እጁን አወጣ። የታቦት ስለት ወስዶ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከብቱ ያለቀበት ሰው በእኛ አገር በየመንደሩ ይወራል። «ለሚካኤል ነው?» አለ በቀስታ።

«የማንስ ቢሆን፤ ስለት ስለት ነው።»

ስልቻውን ራሱ አስሮ መለሰላቸው። አያ ደምለው አልዋሹም፤ የብረት አፍም ስለት ነው። ነገር ግን ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሰምቶ ነበር፤ በሳምንቱ የደብሩ መሪጌታ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡ። ለሚካኤል የገባ ስለት ይሸጣል፤ ብረቱን የሚገዛው ደግሞ ቀጥቃጩ ነው፤ ማጭድ ያደርገዋል። አያ ደምለው ይህን ያውቃሉ። ፊታቸው ሲገረጣ ያን ቀን ብቻ አየሁ።

«መቼ ያስገባሉ?» አሉ መሪጌታ። «ስለት ሲቆይ ደግ አይደለም።»

«አልተሳለማ፣ መሪጌታ።»

«ስለት ነው ብለው የለም እንዴ?»

«ስለትማ ነው። ግን አልተሳለም። በጣትዎ ይዩታ!»

የውጅግራውን አቀረቡላቸው። መሪጌታ አውራ ጣታቸውን በአፉ ላይ አሳለፉ፤ ዱልዱም ነው። ከዚያ ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን ቅኔ ስዘርፍ ኖሬ ዛሬ እኔ ተዘረፍሁ!» አሉና እጃቸውን በጭናቸው ላይ መቱ። ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

የቅኔ ሰው ግን የጣመውን ቅኔ መደበቅ አይችልም። በገበያ ቀን ቡሬ ላይ አወሩት። ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ በሄደበት ሁሉ ሰዉ «ስለቱስ?» ይለው ጀመር። በማግስቱ ታጣቂዎቹን ይዞ ተመለሰ። አንቱታው ቀርቶ ነበር።

«እስቲ አሁንስ ምንድን ነው ትላለህ?»

አያ ደምለው ከመደባቸው አልተነሡም። «ያው ስለት ነው። አሁን ደግሞ ተሳልሁበት።»

ለታቦት ተስለው ይሁን ብረቱ ተስሎባቸው ይሁን ማን ያውቃል። እጃቸውን ወደ ኋላ አሰሯቸው። ስልቻው ወጣ፤ አፎቶቹ ከግድግዳው ወረዱ። ሊቀመንበሩ ሲጋራ አውጥቶ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ እሳት አምጣ።»

በመቆስቆሻው ጫፍ ፍም ይዤ ቀረብሁ። ጎንበስ ብሎ ለኮሰ። ሳንጃነቱን የሚናገረው ቀለበት ከዓይኑ ፊት ነበር። አያ ደምለው ጣራውን ያዩ ነበር።

«ሌላ ብረት አለ?»

«ይኸው በእጄ ያለው» አልሁ።

«ወዲያ አድርገው፣ ጥላሸት አስነካኸኝ!» ብሎ እጅጌውን አራገፈ።

አያ ደምለው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተፈቱ። ከስተዋል፣ ያስላቸዋል፤ ስለ እስሩ አልነገሩኝም፣ አልጠየቅኋቸውም። የመጀመሪያው ማታ ባዶውን ማገር አዩ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። መቆስቆሻውን ሰጠኋቸው። ዘይቱንና ቀንዱን አስመጥተው ጥላሸቱን ቀስ ብለው መፋቅ ጀመሩ።

«ተረት ተረት።»

«የብረት።»

«አንድ ሊቀመንበር ነበር» አሉ። «ሲጋራውን በጠላቱ ሳንጃ ለኮሰና፣ አመስግኖ ሄደ።» ያን ማታ የሞተው ሳንጃ ተረት አገኘ። ሲጨርሱ ከማገሩ ላይ ሰቀሉት። ብዙ አልቆዩም፤ በዚያው ዓመት አረፉ።

አሁን የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ሳንጃው ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል፤ የዝናብ ወራት ሲገባ ዘይት እቀባዋለሁ። በር የሚሠራው ጎረቤቴ ባየው ቁጥር «ጋሼ፣ በግራይንደር ላብራልዎት? የሰከንድ ሥራ እኮ ነው» ይለኛል። አይሳልም እለዋለሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ አልነግረውም፤ ልጆቹ ማታ ሲመጡ ግን እነግራቸዋለሁ። «የላም በረት» ካሉኝ ዝም እላለሁ። እስኪገባቸው።

ያኔ ስለ ብረት እየተማርሁ ይመስለኝ ነበር። የቀረልኝ ግን እጆቻቸው ሊታሰሩ ሲሉ ያሉት፣ ሳይዋሽ ሁለት ነገር የሚናገር ቃል ነው። ብዙ በር ላይ ጠቅሞኛል፤ ጎድቶኛልም፤ ግን አልተውሁትም።

የተወሰዱት ሳንጃዎች የት እንደ ደረሱ የሚያውቅ የለም። ሊቀመንበሩ የለም። መሪጌታም የሉም። አያ ደምለው ሚካኤል አጥር ግቢ ናቸው። ሞቷል የተባለው ሳንጃና እኔ አለን።